በቤት ስልክ እንዳትደውል

«ኒታ ዛሬ ጠዋት ሞተች። ቀብሩ ቅዳሜ ነው። ነገ ከተነሳችሁ ትደርሳላችሁ፤ አንቺም፣ ባልሽም።»

እንዲህ ነው የተነገረኝ። ባለፈው ኅዳር፣ ሐሙስ ቀን፣ አሌክሳንድሪያ የምንከባከባቸውን አሮጊት ሾርባ እያጠጣሁ፣ ማንኪያው በእጄ እንዳለ። «ቁጭ በይ» የለ፣ «አጠገብሽ ሰው አለ ወይ» የለ። እኛ ቤት ቢሆን ለዚህ ወሬ ሰፈርተኛ ይሰበሰብለት ነበር። ደዋዩ የኒታ ወንድም ሬይ ነው፣ ከኦክላሆማ። ድምፁን ከዚያ በፊት የሰማሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም ቢሆን ደግ ቀን አልነበረም።

ልዘጋው ስል «አንድ ነገር ቀርቶኛል» አለኝ። «‹የሞትኩ ዕለት ለሮማን ወዲያው ንገራት፤ በራሷ ስልክ ደውልላት፤ በቤት ስልክ እንዳትደውል› ብላኛለች።»

ሮማን እኔ ነኝ። አሮጊቷ «ምን ሆንሽ፣ ፊትሽ ቀላ?» አሉኝ። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የመጣብኝ ኀዘን አይደለም፤ ለቅሶው በኋላ ነው የመጣው። መጀመሪያ የመጣው እፍረት ነው። ስንት ዓመት አልፎት፣ ሰውየው ከዚያ ማዶ ሆኖ በስልክ ነው የሚያወራኝ፣ እኔ ግን ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ኒታ የቤዝመንታችን ተከራይ ነበረች። ሲልቨር ስፕሪንግ ቤት የገዛ ሐበሻ እንደሚያደርገው እኛም ታችኛውን እናከራያለን። ልታየው የመጣች ቀን በር የከፈተላት ባለቤቴ ታደሰ ነው። ወደ ኩሽና መጥቶ «አንዲት ሜክሲካዊት መጥታለች» አለኝ። ሜክሲካዊት አልነበረችም። ቸሮኪ ናት፣ የኦክላሆማ ሰው። ባሏ ወታደር ሆኖ ወዲህ አምጥቷት፣ ሲፋቱ እዚሁ የቀረች፣ ሪቨርዴል ፓርክ የትምህርት ቤት አውቶቡስ የምትነዳ፣ ሃምሳን የተሻገረች ወፍራም ሴት። ታደሰ ከቸሮኪ ጋር እጅ ለእጅ ተጨባበጥኩ ብሎ ለታክሲ ጓደኞቹ ሁሉ ሲያወራ ሰነበተ። እኔ አፈርኩበት። እሷ ግን ሳቀች።

ነገር ማለስለስ አታውቅም። ወጥ ጨው ከበዛበት «ጨው በዝቷል» ትላለች። ለሠርግ ያሰፋሁትን ቀሚስ ለብሼ ብወርድላት ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ እንደ ልማዷ ትንሽ ዝም ብላ፣ «ቀለሙ ጥሩ ነው፤ ስፌቱ ግን አንቺን አያውቅሽም» አለችኝ። ሐበሻ እንዲህ ቢለኝ ዓመት እኮርፈው ነበር። ከሷ አፍ ሲወጣ ግን ቀሚሱን ቀይሬ ወጣሁ።

ያ ዝምታዋ ነው ሰውን የሚያስቸግረው። ጥያቄ ስትጠይቃት ቶሎ አትመልስም። ጥያቄውን ይዛው ትቆያለች። መጀመሪያ አልሰማችኝም ብዬ ደግሜ እጠይቃት ነበር፣ ጮክ ብዬም። እሷም በኔ ተገርማለች። እኛ «አዎ» ለማለት ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርግ የለ? የመጀመሪያ ሰሞን ትን ያለኝ መስሏት ጀርባዬን ልትመታኝ ተነስታ ነበር። በዓመቱ ራሷ ትስበው ጀመር። አውቶቡስ ላይ እንኳ ለልጆቹ እንዲያ እያለች እንደምትመልስ ነገረችኝ።

ሐሜት አትወድም። እኔ ደግሞ ያለ ወሬ ሽንኩርት አይከተፍልኝም። «ሰማሽ ያቺ ፎልስ ቸርች የምትኖረው...» ብዬ ስጀምር በከንፈሯ ወደ በሩ ጠቆም ታደርግና «ይሄ ወሬ የማን ነው?» ትለኛለች። «የሷ ነዋ።» «ታዲያ ለሷ መልሺላት።» አፌን ነበር የምታዘጋኝ። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ከቤታችን ደጅ፣ በዚያ ብርድ፣ ከቆመች መኪናዬ አጠገብ ተገትራ ጠበቀችኝ። በራሷ መኪና ወደ ኋላ ስትወጣ የመኪናዬን መብራት ሰብራዋለች። «ቤት ገብተሽ ብትጠብቂኝ ምን ነበረበት? አፍንጫሽ እኮ ደም መስሏል!» ብላት፣ «ከኔ በፊት ዓይንሽ እንዳይነግርሽ ብዬ ነው» አለች። ወሬው የኔ ነዋ። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ቤዝመንቱ ኔትወርክ የለውም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ወደ ኩሽናችን ወጥታ፣ መስኮቱ ጋ ቆማ፣ እናቷን ኮል ታደርጋለች። በቸሮኪኛ ነው የሚያወሩት። እናቷ ቋንቋውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ናቸው፤ እሷ ትሳሳታለች፣ እሳቸው ያርሟታል፣ ትስቃለች፣ ደግማ ትለዋለች። አንድ ቀን ስልኩን ሰጠችኝ። «ኦሲዮ» አሉኝ እናትየው፤ ሰላምታቸው ነው። «ኦሲዮ እማማ» አልኳቸው። እማማ ያልኳቸው አስቆኝ ሳይሆን ሌላ የምጠራበት ስለጠፋኝ ነው። ድንገተኛ ነገር ቢመጣ ተብሎ የቤታችን ስልክ ቁጥር ለቤተሰቧ የተሰጠው ያኔ ነው። ሰጪዋም እኔ ነበርኩ።

ግድግዳችን ላይ የተሰቀለውን የፊደል ገበታ ያየች ቀን ደግሞ እግሯ ተተከለ። ለካ እነሱም የራሳቸው ፊደል አላቸው፤ አንዷ ምልክት አንድ ድምፅ፣ ልክ እንደኛ ሀ ሁ። የሷን ገበታ አምጥታ ከኛው አጠገብ ለጠፈችው። ታደሰ በደስታ ሊበር ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ከኩሽና አይወጡም። እሱ ሰባት ቤት ይቆጥርላታል፣ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለ። እሷም ትቆጥርለታለች፣ ግን በእናት በኩል፤ ነገዳቸው ጎሳን ከእናት ነው የሚወርሰው። «አባቶችሽስ?» ይላታል ታደሰ ተቆጥቶ። «አባቶቼማ የእናቶቻቸው ናቸው» ትለዋለች።

የስኮላርሺፑ ነገር የተነሳው እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነው። ኮሌጅ ገብታ፣ ዲግሪ ይዛ፣ ቸሮኪኛ አስተማሪ መሆን ነው የምትፈልገው። ቋንቋውን ከእናታቸው የሰሙት እያለቁ ነው። «እናቴ እያለች ካልተማርኩት ከማን ልማረው ነው?» ትላለች። ከነገዱ ለቸሮኪ ተማሪዎች የሚሰጥ ስኮላርሺፕ አለ። እኔ ደንቆሮዋ «ለእናንተ ኮሌጅ ነፃ አይደለም እንዴ?» አልኳት። በዚህ አገር ሰው ሁሉ የሚያወራው ይህንኑ ነው። «ነፃ ቢሆንማ ቤዝመንትሽ ውስጥ ምን እሠራ ነበር?» አለችኝ። ነፃ አይደለም። ውድድር ነው። የዘር ሐረግህን ታስመሰክራለህ፣ ውጤትህን ታሳያለህ፣ ለሕዝብህ በነፃ ያገለገልከውን ትናገራለህ፣ በመጨረሻ በቪዲዮ ኢንተርቪው ትቀርባለህ። ሁለት ጊዜ አፕላይ አድርጋ ሁለቱንም ጊዜ ኢንተርቪው ላይ ወድቃለች። «ለምን ይገባሻል?» ሲሏት ዝም፣ ዝም፣ ዝም ብላ፣ «ከሌላው ይልቅ ይገባኛል ማለት አልችልም፤ ግን ያስፈልገኛል» ብላቸዋለች።

ታደሰ ይህን ሲሰማ ጭንቅላቱን ይዞ «ኧረ በማርያም!» አለ። በሦስተኛው ዓመት እሱ አሠልጣኝ ሆነ። ማታ ማታ ታክሲውን አቁሞ፣ እጁን ታጥቦ፣ ያቺን የመኸር ቅጠል የምትመስል ከረባቱን አስሮ ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጣል። «ሚስ ኒታ፣ ቴል አስ አባውት ዩርሰልፍ።» እሷ ዝም ስትል ሰዓቱን ያያል። «ራስሽን አሞግሺ እንጂ! ምናለበት!» ይላታል፣ በሕይወቱ አንድ ቀን ራሱን አሞግሶ የማያውቅ ሰው። እሷም እየሳቀች፣ እያላበች፣ ለመደችው። እንዲያ ነበር የሚወዳት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ከዚህ በኋላ ያለውን በክፋት እንዳትተረጉሙብኝ ነው። ክፋት ቢሆን ኖሮ ባላፈርኩ። እናደድ ነበር እንጂ።

ያን ጊዜ እኔ ላይቭ-ኢን ነበርኩ፤ ከሰኞ እስከ ሐሙስ አሌክሳንድሪያ ነው የማድረው። ኢንተርቪው ረቡዕ ነው። ትምህርት ቤት ለፀደይ ዕረፍት ተዘግቶ ኒታ ቤዝመንት ውስጥ መሽጋ ታጠናለች። ማክሰኞ ጠዋት ሬይ በስልኳ ቢሞክር አልገባ ብሎት በቤቱ ስልክ ደወለ። ታደሰ አነሳው። እናታቸው ሰኞ ማታ አርፈዋል፤ ቀብሩ ሐሙስ ጠዋት ነው።

«እባክህ ንገራት» አለው ሬይ።

«እነግራታለሁ» አለ ታደሰ።

ከዚያ ስልኩን ዘግቶ ለማን ደወለ? ለእህቱ ለእትዬ ብርቄ። እትዬ ብርቄ ለጋሼ መኮንን ደወሉ፤ የደብራችን ሽማግሌ ናቸው። ሦስቱ ተመካከሩ። «ነገ ፈተና አለባት፤ ዛሬ ቢነገራት ሦስተኛውም ቀረ ማለት ነው» አሉ። ታደሰም የራሱን አመጣ፦ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ማትሪክ ሲፈተን አባቱ ሞተው፣ ዘመዶቹ ደብቀውት፣ የመጨረሻውን ወረቀት ካስረከበ በኋላ ነው የተረዳው። «ያኔ ቢነግሩኝ ኖሮ ዩኒቨርሲቲ አልገባም ነበር» ብሎ ዕድሜ ልኩን ሲያመሰግናቸው ነው የኖረው። ረቡዕ ኢንተርቪው ካለቀ በኋላስ? በሐሙስ ንጋትስ? መርዶ በእኩለ ቀን አይነገርም፤ በንጋት ነው፣ ሰው ተሰብስቦ። ሐሙስ ንጋት ደግሞ ሮማን የለችም፤ ለሴት ሴት ያስፈልጋታል፣ ሮማን ትምጣ አሉ። እኔን ሲጠብቁ ቀብሩ አለፈ።

አንዳቸውም «ቀብሩስ?» አላሉም። ይህ ነው ባሰብኩት ቁጥር እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ። እኛ የማንን ቀብር ደርሰን እናውቃለን? ታደሰ እናቱን እዚሁ ሳሎን አልቅሶ ነው የቀበራቸው፣ እኔ አባቴን፣ እትዬ ብርቄ ወንድማቸውን። ለኛ ሞት ማለት ከተቀበረ በኋላ የሚነገር፣ በፎቶ ዙሪያ የሚለቀስ ነገር ከሆነ ስንት ዘመኑ። ኒታ ግን አገሯ ናት። ኦክላሆማ በአውሮፕላን የግማሽ ቀን መንገድ ናት። ፓስፖርት አያስፈልጋት፣ ወረቀቴ አላለቀም አትል፣ ብድግ ብላ ትሄድ ነበር። ይህ ለአንዳቸውም ትዝ አላለም።

ስልኳንስ? ታደሰ ማክሰኞውኑ ወርዶ «ስክሪኑ ተሰነጣጥቋል፤ ፎልስ ቸርች የማውቀው ልጅ አለ፣ ላሠራልሽ» ብሎ ወሰደባት። አመሰገነችው።

ሐሙስ ከሰዓት ስመለስ ቤቱ የደስታ ቤት ነው። ኒታ ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ሠርታ ትጠብቀኛለች። ኢንተርቪው ተሳክቷል! «ለምን ይገባሻል?» ሲሏት ዝም አላለችም። «እናቴ እሑድ እሑድ በስልክ ታርመኛለች፤ የምታርመኝ ሰው እያለች ልማር ብዬ ነው አልኳቸው» አለችኝ፣ ዓይኗ እያበራ። እትዬ ብርቄ በማይመጡበት ሰዓት መጥተው ሶፋው ላይ ተቀምጠዋል፤ ጀርባዋን እያሻሹ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» ይሏታል። ደስታ መስሎኝ «ምን አይዞሽ ያስብላል፣ እልል በሉ እንጂ!» አልኳቸው።

ኒታ «ስልክሽን አውሺኝ፣ ለእናቴ ልንገራት» አለች።

ታደሰ ቀደም ብሎ «ውጤቱ ሲመጣ ብትነግሪያት አይሻልም? ሰርፕራይዝ ይሁንላት» አለ፤ እኔን በዓይኑ ጠቀሰኝ።

«እውነቱን ነው፣ ሰርፕራይዝ አድርጊያት» አልኳት እኔም። እናትየው የዚያን ዕለት ጠዋት ተቀብረዋል። እኔ አላውቅም። ፊቷ ነገር አይደብቅም ብለው ከኔም ደብቀዋል።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ ታደሰ ቀሰቀሰኝ። «ተነሺ፣ የኒታ እናት አርፈዋል፤ ልናረዳት ነው።» «መቼ?» ብለው «በቀደም» አለና ፊቱን አዞረ። ሌሊቱን የመጣ ወሬ መሰለኝ። ጥቁር ነጠላዬን አደግድጌ ወጣሁ። ሳሎኑ ሞልቷል፤ ስምንት ሆነን ወደ ቤዝመንት ወረድን፣ ጋሼ መኮንን ከፊት።

ኒታ በሌሊት ልብሷ ከፈተችልን። ስምንት ጥቁር የለበሰ ሰው ስታይ ደነገጠች፤ ዓይኗ ፈልጎ ፈልጎ እኔ ላይ አረፈ። መጥታ አቀፈችኝ። «ማን ነው ሮማን? እናትሽ ናት?» አለችኝ። እኔን ልታጽናና! እትዬ ብርቄ አልቻሉም፣ ለቅሶውን ለቀቁት።

«ሚስ ኒታ፣ እናትሽ ዐርፈዋል» አሉ ጋሼ መኮንን በቀስታ።

እጆቿ ከትከሻዬ ላይ ወረዱ። «መቼ?»

«መቼ?» አለች ደግማ። ታደሰ ምንጣፉን እያየ «ሰኞ» አለ። እኔም ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«ቀብሩስ? እደርሳለሁ?»

ስምንት ሰው ነን። ስምንታችንም ምንጣፍ ምንጣፉን አየን። በመጨረሻ ታደሰ «ትናንት ነበር» አለ። ለቀባሪው አረዱት ይባላል። እኛ ቀባሪዋን ሳናረዳ ቀበርንባት።

አላለቀሰችም። ያን ረጅም ዝምታዋን ዝም አለች፤ እትዬ ብርቄ እንኳ ለቅሷቸውን ዋጡት። ከዚያ «ሬይ እንዳወቅሁ ነው የሚያስበው?» አለች። «ነግሬያታለሁ አልኩት» አለ ታደሰ፤ ለካ ሬይ ረቡዕም ደውሎ ነበር። ማለት እናቷ ሞታ፣ አውቃ፣ ለስኮላርሺፕ ብላ የቀረች ልጅ ናት፣ ለወንድሟ። ለመንደሩ ሁሉ።

«ወሬው የኔ ነበር» አለች ኒታ። ሌላ ምንም አላለችም። «የኔ ወሬ ነበር፣ ታደሰ።»

«እባካችሁ ወደ ላይ ውጡልኝ» ስትል ደግሞ አልወጣንም። ሐዘንተኛ ብቻውን ይተዋል እንዴ? እትዬ ብርቄ አልጋዋ ላይ ተቀመጡ። አንዷ አጥሚት ይዛ መጣች። ጋሼ መኮንን ጸሎት ጀመሩ። ታደሰ ከኮት ኪሱ ስልኳን አወጣ፤ ስክሪኑ አዲስ ሆኗል፣ በእውነትም ፎልስ ቸርች ወስዶ አሠርቶታል። ተቀበለችውና የራሷን ቤት ለኛ ትታልን በሌሊት ልብሷ ወጣች። የመኪናዋን በር ከፍታ፣ እግሯን ወደ ውጭ አውጥታ ተቀምጣ ለወንድሟ ስትደውል በቤዝመንቱ ትንሽ መስኮት እግሮቿን አየኋቸው። ባዶ እግሯን ነበረች።

ኤርፖርት ያደረስኳት እኔ ነኝ። ዓይኔን ከመንገዱ አላነሳሁም። ከዚያ ቤቴ ተመልሼ ታደሰን አፋጥጬ ይዤ የቤቱን ስልክ እጁ ላይ አኖርኩለት። «ደውል። ለወንድሟ እውነቱን ንገረው። ስፒከር ላይ አድርገው፣ እኔም ልስማ።» ደወለ። ሁሉንም ነገረው። ሬይ እስኪጨርስ ሰማው። እነሱ ሬሳን ብቻውን አይተዉትም፤ እስኪቀበር ድረስ ሲዘምሩለት ያድራሉ። የበኩር ሴት ልጅ ኒታ ናት፤ ቦታዋ ከራስጌ ነው።

«ወንበሯን ባዶ አቆየንላት» አለ ሬይ። «ሁለቱንም ሌሊት።» ከዚያ ዘጋው።

ከኦክላሆማ ስትመለስ ምን ይደረግ ተባለ? ሽማግሌ ይላክ! ወይ አለማፈር። ሦስት ሽማግሌ በሱፍ ልብስ ቤዝመንት ወረዱ። ጋሼ መኮንን ስለ ይቅርታ ረጅም ንግግር አደረጉ። ታደሰ ጉልበቷ ላይ ሊወድቅ ሲል ክንዱን ይዛ አስቆመችው። «ችግር የለም አልልም፤ ችግር አለ» አለች። «የምትወደኝ በምታውቀው መንገድ እንደሆነ አውቃለሁ። ልጠላህ ግን ጊዜ የለኝም፤ ልማር ነው።» ስኮላርሺፑን በዚያው ሳምንት አግኝታለች። ሽማግሌዎቹ «እግዜር ይፍታህ» እስክትል ጠበቁ፣ ጠበቁ። ደረጃውን ስንወጣ ጋሼ መኮንን «አሁን ታርቀናል ወይስ አልታረቅንም?» ብለው ጠየቁኝ። እኔ ምኑን አውቄ።

በነሐሴ ዕቃዋን ጭና ወደ አገሯ ገባች። የፊደል ገበታዋን ትታልን ነው የሄደችው። ተማረች፣ ተመረቀች፣ አስተማሪ ሆነች። እሑድ እሑድ ትደውልልኛለች፣ በእጅ ስልኬ። በቤቱ ስልክ አንድ ቀን ደውላ አታውቅም። ስልኬ ሲጠራ ታደሰ የቲቪውን ድምፅ አጥፍቶ ይቀመጣል፤ «አገናኚኝ» ብሎ ግን አያውቅም። «ታደሰን ሰላም በይልኝ» ትላለች መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ። አንድ ጊዜ ስኮላርሺፕ የሚወዳደሩ ልጆችን ኩሽናዋ ውስጥ እንደምታለማምድ አጫወተችኝ። «ከረባት ገዝቻለሁ» አለች። «ታደሰ እንዳደረገኝ ከማዶ እቀመጥና ሰዓት አያለሁ። ዘንድሮ ሁለቱ አለፉ።» ነገርኩት። ተነስቶ መታጠቢያ ቤት ገባና ውሃ ከፈተ፤ ብዙ ቆየ።

እንግዲህ ያ ሐሙስ የሬይን ስልክ ዘግቼ፣ አሮጊቷን ለልጃቸው አስረክቤ፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ እየነዳሁ ለእትዬ ብርቄ ኮል አደረግሁ። አለቀሱ። ከዚያ ወዲያው ድምፃቸው ተለወጠ። «ለታደሰ እንዳትነግሪው! ነገ ዓይኑን ኦፕራሲዮን ነው። ሐኪሙ አታልቅስ ብሎታል። እሁድ ጠዋት ሰብሰብ ብለን እናረዳዋለን።»

የሚያሳፍረኝን ልናገር? «እውነትዎን ነው» አልኳቸው። ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ ግማሽ መንገድ ያህል ይህንኑ ሳብሰለስል ነዳሁ፦ ቀጠሮውን ስንት ወር ጠበቀ፣ ዓይኑ ነው፣ እሁድ ምን አላት። ሁሉም ትክክል ነበር። ያኔም ሁሉም ትክክል ነበር። ከዚያ ኒታ ከጎኔ የተቀመጠች ያህል፣ በከንፈሯ ወደፊት ጠቆም አድርጋ ስትጠይቀኝ ሰማኋት፤ ይሄ ወሬ የማን ነው?

ታደሰ ሳሎን ለነገ የሚለብሰውን እያዘጋጀ ነበር። በሩን እንኳ አልዘጋሁም፣ ጫማዬን አላወለቅሁም።

«ታደሰ፣ ኒታ ሞተች። ዛሬ ጠዋት። ሬይ አሁን ደውሎ ነገረኝ። አንተም እንድትመጣ ብሏል።»

ሸሚዙን እንደያዘ ቆመ። የኒታ ዝምታ እሱ ላይ አየሁት። ከዚያ የቤቱን ስልክ አንስቶ የሐኪሙን ቢሮ ቁጥር መታ፤ ነገ አልመጣም አላቸው። ምክንያቱን ሲጠይቁት «እህቴ ሞታብኝ ነው» አለ።

«የሬይን ፊት እንዴት አድርጌ ነው የማየው?» አለኝ።

«እኔ እንጃ። ሄደህ ነው የምታየው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እንደ ፈራ ሰው ዓይኑን ከኔ ሳያነሳ፣ «ቀብሩስ?» አለ። «እንደርሳለን?»

«እንደርሳለን» አልኩት። ያኔ ቤዝመንት ውስጥ ስምንት ሆነን ቆመን ይህችን አንዲት ቃል ለኒታ የሚላት ሰው ጠፍቶ ነበር።